ሴራሚክ ብል ኖሮ

ጥፋቱ የእኔ ነው፤ አንድ ቃል። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሲላስን አገኘሁትና፣ «እህትህ እኮ ሸክላ ሠሪ ሆነችልህ!» ብዬ ሳቅኩ። ሴራሚክ ብል ኖሮ እሰየው ብሎ አውቶቡሱን ይሳፈር ነበር።

እህቱ ፅጌረዳ እዚህ ለንደን፣ ቶተንሃም ውስጥ፣ ከበሬ ፊት ለፊት የምትኖር ጎረቤቴ ናት። ሂትሮው አየር ማረፊያ ታጸዳለች፤ በኦፍ ቀኗ ደግሞ ከባቡሩ ሐዲድ ሥር፣ ዶሪን የምትባል እንግሊዛዊት ቀራፂ ዘንድ እየረዳች ትማራለች። መማር ከተባለ ነው። ዓመቱን ሙሉ ጭቃ ሲደበደብ ነው ያየሁት። ጭቃውን ከራሷ በላይ አንሥታ ጠረጴዛው ላይ ታላትመዋለች፤ ውስጡ አየር ከቀረ፣ እቶን ገብቶ ሲተኮስ ፈንድቶ አጠገቡ ያለውንም ይጨርሳል። የሠራችውን ዶሪን በሽቦ ለሁለት ትሰነጥቅና ቀዳዳ ካየች መሬት ላይ ትፈጠፍጠዋለች። አሥራ አንድ ጊዜ!

«ይህን ባል ቢያደርግሽ ፖሊስ ትጠሪ ነበር» እላታለሁ።

አሥራ ሁለተኛው የሴት አያቷ ፊት ነበር። ዶሪን ዞራ ዞራ አየችውና ሽቦውን አስቀመጠች። «እቶን ገብቶ በደህና ከወጣ፣ በራስሽ ስም ኤግዚቢሽን ላይ ይቆማል። ካልወጣ መጥረጊያሽ አለ» አለቻት።

እኔ ያላወቅኩት፣ አያታቸው እውነትም ሸክላ ሠሪ እንደነበሩ ነው። የጎረቤት ልጅ ታመመ፤ ቡዳ ናቸው፣ በልተውት ነው ተባለ። የሰፈሩ ሰዎች ማሰሮዎቻቸውን ከስክሰው፣ እሳቸውን በዱላ ቀጥቅጠው፣ የጋለ ብረት ግንባራቸው ላይ ሲያሳርፉ፣ የስድስት ዓመቱ ሲላስና የስምንት ዓመቷ ፅጌረዳ በበሩ ስንጥቅ አይተዋል። ሲላስ ይህን ለንደን ላይ ለማንም አልተነፈሰም። አሁን ደግሞ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«የት ነው የምትሠራው?» አለኝ። ፊቱ አመድ መስሏል። ምላሴ አንዴ ከተፈታ መቼ ይቆማል፣ ቦታውንም፣ ኤግዚቢሽን ላይ የሚቆመውን የአያታቸውን ፊትም ነገርኩት። በሩጫ ሄደ፤ እኔም በዚህ ወገቤ ከኋላ።

ስደርስ መዶሻ ይዟል።

«የሙሽራዋ ቤተሰብ ቢሰማስ? ዘራችን ምን ሊባል ነው?»

«ሸክላ ሠሪ ነዋ» አለች ፅጌረዳ፣ የጭቃውን ፊት በጀርባዋ ከልላ።

ገፈተራት። ቅንድቧ መደርደሪያው ብረት ላይ ተሰነጠቀና ደሙ ዓይኗን ሞላው። ሲላስ መጀመሪያ አፍንጫውን መታው፤ ተደፈጠጠ። ቀጥሎ ግንባሩን። «እዚህ ጋ ነው የተኮሷት! እዚህ ጋ!» እያለ፣ እያለቀሰ ይመታል። ክንዱ ላይ ብንጠለጠል በክርኑ ደረቴን ብሎ ዘረረኝ። ፊቱ ከአንገቱ እስኪለይ፣ አንገቱም እስኪደቅ አላቆመም።

ዶሪን የጠራቻቸው ፖሊሶች ወለሉ ላይ ደፍተው በካቴና አሰሩት። ፅጌረዳ ቀና ብላም አላየች። ተንበርክካ ስብርባሪውን ትለቅማለች።

«እትዬ ውብነሽ፣ ባልዲ ውኃ አምጪልኝ።»

«ደምሽ እየፈሰሰ ባልዲ?»

«አልተተኮሰም እኮ! ደረቀ እንጂ ጭቃ ነው። እቶን ገብቶ ቢሆን ነበር የሚያልቅለት።»

ውኃው ውስጥ ስትጨምረው ሽሽ አለና አረፋ ደፈቀ። ከደሟ ጋር አብሮ ሟሟ።

ሲላስ በዋስ ወጣ። ሠርጉ ተላለፈ። ስልኬን አያነሣም፤ አልፈርድበትም። እሷ ደግሞ ቅንድቧ ላይ አምስት ስፌት ይዛ፣ ያንኑ ጭቃ ጠረጴዛው ላይ ስታላትም ከረመች። እንደገና ሠራችው። አየሁት፤ አፍንጫው ድፍጥጥ ያለ ነው።

«አፍንጫቸውን ረሳሽው እንዴ?» ብዬ ቀለድኩ።

«አልረሳሁም። በዱላ ሰብረውት ነበር። የመጀመሪያው ላይ ፈርቼ ደህና አደረግኩት። ሲላስ ነው ያስታወሰኝ።»

እቶኑ ሲከፈት ሦስታችንም ትንፋሻችንን ይዘን ነበር። አያትየዋ ከነጠባሳቸው፣ ከነስባሪ አፍንጫቸው፣ ምንም ሳይሰነጠቁ ወጡ። ዶሪን ከሥሩ በሚለጠፈው ካርድ ላይ ምን እንጻፍ ብትላት፣ ፅጌረዳ ከስሟ ቀጥሎ በአማርኛ «ሸክላ ሠሪ» ብላ ጻፈች።

ዶሪንም የፅጌረዳን መጥረጊያ ከግድግዳው አንሥታ ለእኔ ሰጠችኝ። አልተቃወምኩም፤ ለምላሴ የሚመጥን ሥራ ነው።