ባቢሎን ዐባይ

በ1970 ዓ.ም. በየካ ተዳፋት እኔን ገረሱን የማያውቅ ባሕር ዛፍ እንኳ አልነበረም። የሁለት አህያ ጭነት ማገዶ በአንድ ትከሻዬ ከእንጦጦ አውርጄ፣ ላቤ ሳይደርቅ በቀበሌ ስብሰባ መፈክር የማሰማ እኔ ነበርኩ። ግዕዝንም በአንድ ክረምት ጨርሻለሁ እል ነበር። ያስተማሩኝ የእንጦጦ ማርያሙ አለቃ ኃይሉ ይህን ሲሰሙ፣ «ክረምቱ ያለቀው አንተ ከ‹ሀ› ወደ ‹ለ› ስትሻገር አይደል እንዴ» ይሉኝና ይስቁብኛል።

አለቃ የታሰሩት በአንዲት ቃል ነው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ስለ ባቢሎን መውደቅ የተነገረውን ትንቢት ሲያነቡ፣ «ወድቀት ወድቀት ባቢሎን ዐባይ» አሉ። ከምእመናኑ መካከል ጆሮ ጠቢ ነበረ። ማክሰኞ ከሰዓት በቀበሌው አዳራሽ ሁለት ሺህ ሰው ፊት አቆሟቸው። እሺ፣ ሁለት መቶ ይሁን፤ ፍርሃቱ ግን የሁለት ሺህ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከዚያው መድረክ የተወሰዱ ሦስት ሰዎች አልተመለሱም።

ካድሬው ነገሳ ወረቀቱን ተመለከተ። «ባቢሎን አባይ ወደቀች ብለሃል። አባይ ያልከው፣ ውሸታም ያልከው ማንን ነው? አብዮቱን ነው?»

ለካ የግዕዙን ቃል የሰማው በአማርኛ ጆሮው ኖሯል። እኔም ዘልዬ ተነሣሁ።

«ጓድ ነገሳ፣ ግዕዝ ለእኔ ውኃ ነው። ባቢሎን ማለት ኢምፔሪያሊዝም ናት። አባይም ውሸታም ነው፣ ልክ ነህ። አለቃ ያሉት ውሸታሙ ኢምፔሪያሊዝም ይወድቃል ነው። ሰውዬው መፈክር ነው ያሰሙት እኮ።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ነገሳም ፈገግ አለ። «እንዲህ ከሆነ በገዛ አፋቸው ይድገሙትና ወደ ቤታቸው ይሂዱ» አለ። አንቱታውን መልሶላቸዋል።

በዓይኔ ለመንኳቸው። አለቃ ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ልጄ ነገሳ፣ ገረሱ ይህን ያለው ስለሚወደኝ ነው። ቃሉን ግን ስቶታል። ዐባይ በግዕዝ ታላቅ ማለት ነው። የወደቀችው ታላቂቱ ባቢሎን ናት።»

«ታላቂቱ ማን ናት?»

«የጥንቷ ናት። ነገሥታቷ የሚያወርደን የለም ብለው ነበር። እንደነሱ ለሚል ሁሉ ግን ይነበባል።»

ነገሳ ወረቀቱን አጠፈ። ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ክንዳቸውን ይዘው አወጧቸው።

የአለቃ ባለቤት ወይዘሮ ወለተጊዮርጊስ ከአዳራሹ አጥር ሥር ቆመው ይጠብቁ ነበር። የጠባቂዎቹ መኪና አለቃን ይዞ ወደ ፖሊስ ጣቢያው ሲወርድ አይተዋል።

«ምን ብለው ነው?» አሉኝ።

«ዐባይ ማለት ታላቅ ነው ብለው።»

«አንተስ ምን ብለህላቸው ነበር?»

«ውሸታም ማለት ነው ብዬ።»

«እሺ ቢሉህ ይለቋቸው ነበር?»

«ይለቋቸው ነበር፣ እትዬ።»

ሽቅብ ወደ እንጦጦ አዩ።

«ታዲያ በሚመጣው እሑድ ሕዝቡ ፊት ቆመው ምን ብለው ሊያነቡ ነበር?» አሉ።

ከዚያም ለብርዱ ያመጡላቸውን ጋቢ አስያዙኝና፣ ወደ ጣቢያው ቁልቁል ቀደሙኝ።