ይሄይስ እንግዳ የጨበጠበት ሰርግ

ባለቤቴ ይሄይስ ካረፈ ክረምቱ ገና አልወጣም። ሊያጽናኑኝ የሚመጡት ሰዎች ደግነቱን ያወራሉ። እኔ የማስበው እጁን ነው።

መዳፉን ከልጅነቱ ጀምሮ ያልበው ነበር። ሙቀት አይል ብርድ አይል፣ ታጥቦ እንዳልደረቀ ሰው ይንጠባጠባል። የጸሎት መጽሐፉ ጠርዝ ሁሉ ተጨማዷል። ለቅሶም ሆነ ደስታ ሲሄድ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል እንጂ ሰው አይጨብጥም። በእኛ ዘንድ ደግሞ እጅ ለእጅ ተያይዘው በደንብ ሳይጠያየቁ ሰላምታ የለም። ኩራተኛ አሉት።

ልጃችን ዮኒት ልታገባ ስትል ግን እንቅልፍ አጣ። የሙሽራ አባት አዳራሹ በር ላይ ቆሞ እንግዳውን ሁሉ መጨበጥ አለበት።

"በሩ ላይ አንቺ ቁሚ። እኔ ወጥ ቤት እሆናለሁ" አለኝ።

"ወጥ ቤት ምን ልትሠራ? ሽንኩርት ልትልጥ?" አልሁት።

ዮኒት ይህን ሰምታ እዚህ እስራኤል፣ መሀል ሀደራ ከተማ ወዳለው ኩፓት ሆሊም፣ ወደ ክሊኒኩ ወሰደችን። ሐኪሙ ዶክተር ኦፈር ወጣት ነው። "ላቡ ያስቸግርሃል?" ሲለው ይሄይስ ቀና ብሎ "ባሩክ ሃሼም፣ ደህና ነኝ" አለ፤ በዕብራይስጥ እግዚአብሔር ይመስገን ማለቱ ነው። ደህንነቱን ለጠየቀው ሰው ሕመም መዘርዘር ለእሱ ነውር ነበር። ሐኪሙም አምኖት ወደ ኮምፒውተሩ ዞረ።

"አባ፣ የምን ባሩክ ሃሼም! ሰላም እያለህ እኮ አይደለም፣ እየመረመረህ ነው!" አለች ዮኒት።

"ሐኪሙን እስቲ ይጨብጠው በይልኝ" አልኋት።

ሐኪሙ እጁን ዘረጋ። ይሄይስ እኔን አየኝ፤ ከዚያ ጨበጠው። ሐኪሙ እጁን ሳይጠርግ ወንበሩን ሳብ አድርጎ ያስረዳን ጀመር። ማታ ማታ የሚቀባ መድኃኒት አለ። እሱ ካልበቃ እጅን ውሃ ውስጥ ነክሮ ደካማ ኤሌክትሪክ ማሳለፍ ይቻላል። መርፌው ለወራት ያደርቃል፣ መዳፍ ላይ ግን ያማል። ክኒኑ አፍ ያደርቃል፤ ሽንት ለሚያስቸግረው ሽማግሌም አይሆንም። ቀዶ ሕክምናው የመጨረሻው ነው፤ እጅ ቢደርቅም ላቡ ወደ ጀርባ ሊዞር ይችላል።

"ጀርባዬንማ ማን ይጨብጠኛል? እሱን ያድርግልኝ" አለ ይሄይስ።

ዮኒት ስትተረጉምለት ሐኪሙ ሳቀ፤ ግን አልተስማማም።

ቅባቱ ቆዳውን አቃጠለውና ተወው። ወደ ውሃውና ኤሌክትሪኩ ሕክምና ሄድን። ልቡ ውስጥ የተተከለ መሣሪያ መኖር አለመኖሩን ጠየቁት፣ ቀለበቱን አስወለቁት፣ የተጫረ ጣቱን ቫዝሊን ቀቡለት። ከሰፈራችን ከክፋር ብራንዳይስ በአውቶቡስ እንመላለስ ነበር። እጆቹን ነክሮ ተቀምጦ "ጉንዳን የሚሄድብኝ ይመስለኛል" ይለኛል። ከሳምንታት በኋላ መንጠባጠቡ ቆመ። ጨርሶ ግን አልደረቀም፤ ወዝ ወዝ ይላል።

በሰርጉ ቀን በሩ ላይ ቆመ። ቀድመው የደረሱት የነቬ ሐይም ሰፈሩ ሽማግሌ አቶ ደሳለው ናቸው። ይሄይስ እጁን ወደ ደረቱ ሲያነሳ አየሁት። መሀል ላይ ገታ አደረገውና ዘረጋላቸው። እሳቸውም ጨበጡት። "እንደምን ከረሙ? ጤናዎ? ልጆቹስ?" ይላል፣ አይለቅም። ከኋላ እንግዳው ተከማቸ።

"ኧረ አንተ ይሄይስ፣ እጄን መልስልኝ፣ እበላበታለሁ!" አሉ አቶ ደሳለው።

እሱ ግን ገና ስለ ልጅ ልጆቻቸው ጠይቆ አልጨረሰም ነበር።