ልጁ የትኛው ወገን ነው?

«ከሳሽ ማለት በጣም የተናደደ ሰው ነው» አለ ነገረ ፈጅ ከመጨረሻው ወንበር ተነሥቶ።

ነገረ ፈጅ ገና የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ጓደኞቹ ይህን ስም ያወጡለት የማይከራከርበት ነገር ስለሌለ ነው። ተማሪዎቹ ሊስቁ ሲሉ መምህሩ በዓይኑ ገሠጻቸው። በእሱ ክፍል ግምት አይሳቅበትም፤ መዝገበ ቃላትም እስከ መጨረሻው አይከፈትም።

«ጎረቤቱን ጠይቀው» አለው።

ተማሪዎቹ ተጠቃቀሱ። ይህችን አባባል ስለሚደጋግማት «ቲቸር ጎረቤት» ብለውታል። ያላወቃችሁት ቃል ላይ አታፍጡ፤ በግራና በቀኙ ያሉትን ቃላት ጠይቁ፣ ማንነቱን ይነግሯችኋል ነው ነገሩ። የራሱን ጎረቤቶች ግን በስም እንኳ አያውቃቸውም።

«ጎረቤቱ ‹ለፍርድ ቤት አቤቱታ አቀረበች› ይላል» አለ ነገረ ፈጅ። «እሺ፤ የተናደደና ወረቀት የጻፈ ሰው።»

«እየቀረብክ ነው።»

መምህሩ ይህን ምንባብ ቢዘለው ደስ ባለው ነበር። የሕግ ቃላት እንዲማሩበት የተጻፈው ታሪክ እናትና አባቱ ተለያይተው በፍርድ ቤት ስለሚካሰሱበት አንድ ልጅ ነው። በመስኮቱ በኩል ሦስተኛው ወንበር ላይ ደግሞ የገዛ ልጁ ተቀምጣለች። እሱና እናቷ እሷን ማን ያሳድግ በሚል ክርክር ከገጠሙ ቆይተዋል። ዛሬ ከሰዓት ዳኛዋ ልጅቷን ለብቻዋ ቢሯቸው አስገብተው ያነጋግሯታል። «ካባቴ ጋር ነኝ ካለች አለቀ» ብሎታል ጠበቃው።

እስከዚያው አንዱን ሳምንት እሱ ጋር፣ አንዱን እናቷ ጋር ታድራለች። በሌለችበት ሳምንት ቤቱ ጭር ይልና ሆዱን ባር ባር ይለዋል። የሚያወራው ሰው ስለሚያጣ የተማሪዎቹን ድርሰት ሲያርም ረዣዥም አስተያየት ይጽፋል። «እኔ ከጻፍኩት እሱ የጻፈው ይበልጣል» እያሉ ያሙታል።

ሰሌዳው ላይ ከሳሽ፣ ተከሳሽ፣ ምስክር፣ ዳኛ ብሎ ጻፈና ከምንባቡ ሰዎች ጋር እንዲያዛምዷቸው ጠየቀ። እናትየዋ ከሳሽ፣ አባትየው ተከሳሽ፣ ያየችውን የተናገረችው ተከራይ ደግሞ ምስክር ሆነች። ሁሉም ቦታ ቦታውን ያዘ።

የመምህሩ ልጅ እጇን አወጣች። ትምህርት ቤት ውስጥ «ቲቸር» እንጂ «አባ» አትለውም፤ ተነጋግረው የተስማሙበት ነው።

«ቲቸር፣ ልጁ የትኛው ወገን ነው?»

«እንዴት?»

«ሌሎቹ ሁሉ ስም ተሰጥቷቸዋል። እሱ ግን ከሳሽም አይደለም፣ ተከሳሽም አይደለም።»

«እሱማ ዕድለኛ ነው» አለ ነገረ ፈጅ። «ሁለት ባላ ተክሏል። አንዱ ቢሰበር ባንዱ ይንጠለጠላል።»

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሷ አልሳቀችም። እግሯ ላይ እናቷ ሰሞኑን የገዛችላት ጫማ፣ ጭኗ ላይ እሱ ሰሞኑን የገዛላት ቦርሳ ነበር።

«ግምትሽን ንገሪን» አላት መምህሩ።

«ጎረቤቶቹን ጠየቅኩ» አለች ዓይኗን ከመጽሐፉ ሳትነቅል። «‹ዳኛው ልጁን አነጋገሩት› ይላል። ቀጥሎ ‹ብይን ሰጡ› ይላል። ስለዚህ ልጁን ከሰሙ በኋላ ነው የወሰኑት፤ ምስክር ነው ማለት ነው። ግን ተከራይዋ ለአንዱ መስክራ ወደ ቤቷ ሄደች። እሱ ምንም ቢል ወይ በእናቱ ወይ በአባቱ ላይ መመስከሩ ነው።»

መምህሩ ጠመኔውን እንደያዘ ቆመ። ሰሌዳው ላይ ሊጽፍላት የሚችል ቃል አጣ።

«ጥሩ ግምት ነው» አለ በመጨረሻ። ደወሉ ገላገለው።

ከሰዓት አባትና ልጅ ወደ ፍርድ ቤቱ በእግራቸው ሄዱ። ከትምህርት ቤቱ በር እንደወጡ እጁን ያዘችው።

«አባ፣ ዳኛዋ ምን ብለው ነው የሚጠይቁኝ?»

«ከማን ጋር መኖር እንደምትፈልጊ።»

«እናንተ ትሰማላችሁ?»

«አንሰማም። ሲወስኑ ነው የሚነገረን።»

«ታዲያ ሰማችሁ ማለት አይደል?»

ሰሞኑን «እውነቱን ብቻ ተናገሪ» እያለ ሲመክራት፣ በሆዱ ያ እውነት እሱ እንዲሆን ይመኝ ነበር። ቦርሳውንም የገዛው ለዚሁ ነው። አንገቷን ደፍታ ከጎኑ ስትራመድ አያት፤ በራሱ አፈረ።

እናቷ ኮሪደሩ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። ልብስ ሰፊ ናት፤ እጅጌዋ ላይ ዛሬም ቁራጭ ክር አለ። ልጅቷ እናቷን ስማ መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። እሱ ፊት ለፊት ካለው ወንበር ይልቅ ከቀድሞ ሚስቱ አጠገብ ተቀመጠ።

«ልጅቷ አትጠየቅ» አላት።

ዞራ አየችው። «ምን ማለትህ ነው?»

«ካንቺ ጋር ትኑር። አንቺ ቤትሽ ነው የምትሠሪው፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ሰው ታገኛለች። እኔ ቅዳሜና እሑድ ልውሰዳት። ለዳኛዋ ተስማምተናል ብለን እንንገራቸው።»

«ጠበቃህስ?»

«ተናዶ ወረቀት ይጻፍ።»

ፈገግታ መጣባት፤ ወዲያው ግን ዓይኗ እንባ አቀረረ። «እኔ እኮ ጫማውን የገዛሁላት...» ብላ ጀመረች።

«አውቃለሁ። ቦርሳውስ ታዲያ?»

እሑድ ማታ ልጅቷን ሸኝቶ የሚገባበት ቤት ታየው፤ አንድ ሰሐን፣ አንድ ብርጭቆ፣ የተነጠፈ ባዶ አልጋዋ። ብቸኝነቱን ከወዲሁ ፈራው። ቃሉን ግን አላጠፈም።

የችሎቱ ጸሐፊ በሩን ከፍታ ጠራቻቸው። ልጅቷ ቦርሳዋን አንግታ ከመስኮቱ መጣች፤ ከንፈሯ ደርቋል። ትከሻዋን ይዞ አግዳሚው ላይ አስቀመጣት።

«አንቺ እዚሁ ሁኚ፣ እሙ። እኛ ነን የምንገባው።»

«እኔ አልጠየቅም?»

«አትጠየቂም» አላት። «ምስክር አይደለሽም፤ ልጅ ነሽ።»

በሩን ለእናቷ ያዘላትና ተከትሏት ገባ።