የተጋደመው አንበሳ ጨረታ

የእቴነሽ ስለት የዘገየው በባሏ በአያ ታከለ እምቢታ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት በሳንባ ምች ተይዞ ሊሞት ሲያጣጥር፣ «ሚካኤል ሆይ፣ ይኼን ሰው ብቻ አትርፍልኝ፣ የሚወደውን ሳንቲም አስገባልሃለሁ» ብላ ተሳለች። ታከለ ዳነ። ሲድን ግን ተቆጣ። «ምነው የራስሽን ጉትቻ አልተሳልሽም? ሚካኤል እንደሁ አይራብም፤ ይጠብቅ» አለ። ሁለት ዓመት አስጠበቀው። ከዚያ ባለፈው ጥቅምት ከምሳ በኋላ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ።

ሳንቲሙ የጃንሆይ ሃምሳ ሳንቲም ነው፤ የጥንቱ፣ የብሩ። በአንድ ፊቱ ንጉሡ፣ በሌላው አንበሳው አሉ። ሌላውን ሃምሳ ሳንቲም ንጉሡን ቀጥ አድርገው ይዘው ሲገለብጡት አንበሳው ቆሞ ይመጣል። የታከለ አንበሳ ግን በጎኑ ተጋድሞ ነው የሚመጣው። ታከለ በየሠርጉ እያወጣ፣ «እዩት፣ እንደኔው እንቅልፍ ይወዳል» ይል ነበር።

የነገሩን ምክንያት ያስረዳት የቤተ ክርስቲያኑ ግንብ አጠገብ አሮጌ ዕቃ የሚሸጠው አንዳርጋቸው ነው።

«ሲታተም አንደኛው ማተሚያ ዞሮባቸው ነው፣ እትየ እቴነሽ። ስህተት ነው። ሰብሳቢዎች ደግሞ የሚወዱት ስህተቱን ነው። እንዲህ በጎኑ የተኛ ብዙ አይገኝም። ስድስት ሺህ ብር ልስጥሽ?»

«ባሌን ስህተት ነው አልከኝ?»

«ኧረ ሳንቲሙን!»

«ያው ናቸው» ብላ ነጠቀችው።

አልሸጠችም። ለሚካኤል መስጠትም አልሆነላትም። ታከለ ሌላ ምን ትቶላታል? አንድ ጋቢ፤ እሱንም አይጥ ጀምሮታል። ስለዚህ ከዚያው ከአንዳርጋቸው አንበሳው ቀጥ ብሎ የቆመ ተራ ሃምሳ ሳንቲም በሦስት መቶ ብር ገዛችና በጨርቅ ጠቅልላ ለቤተ ክርስቲያን አስገባች። ብሩ ያው ብር፣ ዓመቱም ያው ዓመት፤ ሚካኤል መቼ ይገለብጠዋል ብላ።

ሚካኤል አልገለበጠውም። የገለበጡት ቄስ ኪዳነወልድ ናቸው።

በዓመት በዓሉ ታቦቱ ከገባ በኋላ፣ እንደተለመደው፣ የስለቱ ዕቃ ወይራው ሥር ለጨረታ ወጣ። ጃንጥላው ተሸጠ፣ ምንጣፉ ተሸጠ፣ አንድ ወጠጤም ገመዱን እየበላ ተሸጠ። አጫራቹ ቄስ ኪዳነወልድ ከታከለ ጋር አርባ ዓመት ጠላ የጠጡ ሰው ናቸው። ሳንቲሙን ከፍ አድርገው፣ «የነፍስ ኄር አያ ታከለ ሳንቲም! ያ የተኛው አንበሳ!» ብለው ገለበጡት። እንደገና ገለበጡት። መነጽራቸውን ጠርገው አጠለቁ።

«እቴነሽ፣ ይኼ ቆሟል።»

ሕዝቡ ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። እቴነሽ አፏ ላይ የመጣውን አወጣችው።

«ተነሥቶ ነዋ፣ አባ! ታከለ ሲሞት ደንግጦ ተነሣ!»

«እግዚኦ!» አለች አንዲት ባልቴት። እልልታው ቅጥሩን ሞላው። ሥጋ ሻጩ ወንዴ «አንድ ሺህ!» ብሎ ጮኸ። ጠላ ሻጯ ታየች «ሁለት ሺህ!» አለች። ተያያዙት፤ በአራት ሺህ ለወንዴ ጸና። ወንዴም ሳንቲሙን ስሞ ግንባሩን አሻሸበት።

እቴነሽ ይህን አየች። ሚካኤልን ማታለል አንድ ነገር ነው፤ በስሙ ተአምር ፈጥሮ መሸጥ ግን ሌላ ነው። ከጉያዋ እውነተኛውን ሳንቲም አወጣች።

«ዋሽቻለሁ! ያንን ከአንዳርጋቸው ነው የገዛሁት። የታከለ ይኸው፤ እንደተኛ ነው!»

ወንዴ ፊቱ በርበሬ መሰለ። አራት ሺህ ብር አፍስሶ የአገር መሳቂያ ሊሆን?

«ተይ እትየ፣ ሐዘን ነው የሚያናግርሽ! የኔው ተነሥቷል፤ ያንቺው ገና ነው።»

ሕዝቡም ከወንዴ ጋር ሆነ። አንዴ እልል ያለ ሰው እልልታውን መልሶ አይውጥም።

ቄስ ኪዳነወልድ ግን «ስለት ስለት ነው» ብለው እውነተኛውን ለጨረታ አቀረቡ። እቴነሽ መቀነቷን ፈታች። ያላት ሰባት መቶ ብር ብቻ ነው።

«መቶ!» አለች።

ማንም አልተከተላትም። የተነሣው እያለ የተኛውን ማን ይሻል? ከኋላ ግን የአንዳርጋቸው ድምፅ መጣ።

«አምስት መቶ!»

«ሰባት መቶ!» አለች እቴነሽ።

«አምስት ሺ...» ብሎ አንዳርጋቸው ሳይጨርስ፣ በሬ የሚበልት የወንዴ እጅ ማጅራቱ ላይ አረፈ።

«አንተ፣» አለ ወንዴ ቀስ ብሎ፣ «የተኛው ከተነሣው ሊበልጥ ነው?»

አንዳርጋቸው እጁን አየ፤ የእጁን ባለቤት አየ። «እሷው ትውሰደው፤ ለበረከት» አለ።

ቄስ ኪዳነወልድ ሳንቲሙን መዳፏ ላይ አኖሩላት።

«ስለቱ ተከፈለ። ስለ ውሸቱ ደግሞ አርባ ስግደት።»

«ጉልበቴን እያወቁ? አሥር ይሁንልኝ፣ አባ።»

«ሠላሳ አምስት።»

«አሥራ አምስት! ስለ ታከለ ነፍስ!»

ቄሱ ታከለ ሥሩ ወደተቀበረበት ጽድ ዞር ብለው አማተቡ። ወዲያው እንደ ጨረታው እጃቸውን አነሡ።

«ሃያ፣ አንደኛ! ሃያ፣ ሁለተኛ!»

«እሺ፣ ሃያ!»

እቴነሽ ሳንቲሙን ጨብጣ ወደ ጽዱ ፊቷን አዞረች።

«ተኛ አንተ፣» አለች እየተንበረከከች፣ «እኔ ልስገድልህ።»