ከበሮ የሸሸው ዲያቆን

አባየ ገመድ ይዘው ሲገቡ ደሜ ፈላ። ጎረቤታችን አያ ክንዱ ተከትሏቸዋል፤ ደጅ ደግሞ ባጃጅ ቆሟል። ወንድሜን ህሩይን አስረው ጠበል ሊወስዱት ነው፤ እዚያ በሰንሰለት ሊከርም።

"ጠበሉን መች ጠላሁ፣ ማሰሩን ነው እንጂ!" አልኩ። አፌ መች ያርፋል።

"ዝም በይ አንቺ!" አሉ አባየ። "ዲያቆን ልጄ ከታቦት ፊት ሲሸሽ አዘዞ በሙሉ አይቷል። ይሄ ያለ ሰይጣን ይሆናል?"

መሸሹስ ሸሽቷል። ያገለግልበት የነበረው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ላይ ከባድ መሣሪያ ከወደቀ ወዲህ ህሩይ የድሮው ህሩይ አይደለም። እንቅልፍ የለውም፤ በር ሲንኳኳ ግድግዳ ሥር ይለጠፋል። ቢሆንም ዐቢይ ጾሙን በሙሉ ከአባየ ጎን ቆሞ ዘምሯል። የፋሲካ ሌሊት ግን ነጠላውን ጥሎ፣ ምእመናኑን ገፍትሮ ከቅጥሩ ወጣ። ሰፈሩም ወዲያው ፈረደ፤ "ፋሲካ ሲሆን ሰይጣኑ ተቃጠለ!" ወይ ጉድ፣ ሰው ለመፍረድ ሲቸኩል!

አያ ክንዱ ጥግ ወደተቀመጠው ወንድሜ ሄዶ እጁን ያዘው። ህሩይ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ጥርሱ ሲንገጫገጭ ይሰማል። እጁን አስለቅቄ መሃላቸው ገባሁ።

"አባየ፣ እርስዎ መሪጌታ ነዎት። በዐቢይ ጾም የማይመታው ምንድን ነው?"

"ምን የሚሉት ጥያቄ ነው?" ቆም አሉ። "ከበሮ።"

"እንግዲያማ! በመቋሚያ ብቻ ሲዘመር ቆሞ ከርሟል። የሸሸው ከበሮ ሲመታ ነው። ሰይጣን ቢሆንማ ታቦቱ በጾምስ እዚያው አልነበረም እንዴ? ከጦርነት የተረፈ ሰው እንዲህ ይሆናል፤ ሕመም ነው፣ ሐኪም አለው፤ ስንት ጊዜ ልንገራችሁ!"

አባየ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ከበሮ ምን አደረገህ፣ ልጄ?"

የባጃጁ ሹፌር ጥሩምባ ቢነፋ ህሩይ ራሱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ከዚያ ወለሉን እያየ ተናገረ።

"ያን ቀን የምመታው እኔ ነበርሁ። የመጀመሪያው ከባድ መሣሪያ ሩቅ ወደቀ። ሕዝቡ መውጣት ጀመረ። እኔ አይዟችሁ ለማለት አጠንክሬ መታሁት። ከበሮው ካልቆመ ምንም የለም ብለው ተመለሱ። እኔን አይተው ነው የተመለሱት፣ አባየ። ሁለተኛው ያን ጊዜ..."

መጨረስ አቃተው። አያ ክንዱ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

አባየ መሬት ላይ፣ ልጃቸው አጠገብ ተቀመጡ። መሪጌታ ተክለ ጊዮርጊስ መሬት ሲቀመጡ አይቼ አላውቅም።

"ከበሮ ከተጀመረ የመጣው ቢመጣ አይቋረጥም ብዬ ያስተማርሁህ እኔ ነኝ" አሉ። "ሐኪሙ ጋ አብሬህ እገባለሁ። ይህንንም እኔው እነግረዋለሁ።"