ክሩ ነው የዘመመው

ቀጥ ብሎ የተንጠለጠለ ክር ዘሞ የሚታየው ሰው፣ የታመመው ዓይኑ ነው ወይስ ጭንቅላቱ? ማንን እንደምጠይቅ እንኳ አላውቅም። ትምህርቴን ያቆምኩት ስምንተኛ ክፍል ላይ ነው፤ እስከዚያ ያስተማሩኝ ሰዎች ስለዚህ ጉዳይ ምንም አልነገሩኝም።

ልጄ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሹፌር ነው። በጎረምሳነቱ የኢላማ ተኩስ ተወዳዳሪ ነበር፤ አሁን ደግሞ ልጁን አሰልጥኖ ክለብ አስገብቷታል። እሷን ቤት ውስጥ ቁንጥንጥ ነው የምንላት። ሕፃን ሳለች ለመጎረስ እንኳ ቁጭ አትልም ነበር። ያቺ ልጅ ዛሬ በሆዷ ተኝታ፣ ትንፋሿን ውጣ፣ እንደ ድንጋይ ስትረጋ ሳይ በሌላ ልጅ የለወጡብኝ ይመስለኛል። እኔ በበኩሌ ጠመንጃ ባለበት ቤት እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ተቆልፎም አይወስደኝም።

ሰሞኑን ግን ቁንጥንጥ ፊቷ ጠቁሯል። ቅርብ ያለውን ኢላማ መሃል ለመሃል ትመታለች፤ ሩቁ ላይ ጥይቷ ሁሉ ወደ ቀኝ ይሄዳል። የክለቡ ማጣሪያ ነገ ነው።

«የጠመንጃው ማነጣጠሪያ መነጽር ጋደል ብሎ ነው የታሰረው፣» አለችኝ ልብስ እያጣጠፍን። «ሩቅ ስትተኩሺ ጥይቱ ስለሚወርድ፣ የከፍታውን መዞሪያ አዙረሽ ወደ ላይ ታደርጊዋለሽ። መነጽሩ ከዘመመ ግን ወደ ላይ ስትይው ወደ ጎንም ይሄዳል።»

«ሰካራም ደረጃ ሲወጣ?»

«እንደሱ!» ብላ ሳቀች። ወዲያው ሳቋ ጠፋ። «ሁለቴ ያሰረው አባዬ ነው። ምን ብዬ ልንገረው?»

በመነጽር አሳሰር ልጄን የሚያርመው ሰው አልነበረም፤ ጓደኞቹ እንኳ ጠመንጃቸውን ይዘው የሚመጡት እሱ ዘንድ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለሦስተኛ ጊዜ ሊያስረው ጓሮ ወጣን። እኩለ ቀን ላይ ተሳፋሪ ይዞ ስለሚወጣ ይቸኩላል። ጠመንጃውን ጠረጴዛው ላይ በእንጨት መያዣው አጠበቀው።

«ጥይት የለበትም?» አልኩ።

«የለበትም እማዬ።»

ትንሽ ቆይቼ ደገምኩት። ቁንጥንጥ መቀርቀሪያውን ስባ ባዶውን ቀዳዳ አሳየችኝ። «ካላመንሽ ጣትሽን ክተቺ።»

«ጣቴን እፈልገዋለሁ!»

ልጄ ውሃ ልኩን በጠመንጃው ጀርባ ላይ አኑሮ፣ አረፋው መሃል እስኪቆም አስተካከለ። ከዚያ በመነጽሩ ውስጥ እያየ፣ ውስጡ ያለው መስቀለኛ መስመር ቀጥ ብሎ እስኪቆምለት ቀስ እያለ አዞረው። ብሎኖቹን በየተራ፣ ጥቂት በጥቂት አጠበቃቸው፤ አንዱን ብቻ አጥብቀው ካሰሩት መነጽሩን ይዞት ይዞራል። እጁን ለሚያይ ምንም አልጎደለውም። አንገቱን ግን ወደ ትከሻው ጋደል አድርጎ ነበር። እንዲህ ማድረግ ከጀመረ ሰንብቷል። የአውቶቡሱ የዕቃ መጫኛ ክዳን ጭንቅላቱን ከመታው ወዲህ ነው። ምራቴ ብትጠይቀው «አንገቴን ጠምዝዞኝ ነው» ብሏታል።

ቁንጥንጥ በጓሮው ጫፍ ካለው የልብስ ማስጫ ብረት ላይ ቱምቢ፣ ጫፉ ላይ ቁራጭ ብረት የታሰረበት ክር፣ አንጠለጠለች።

«ምነው፣ ግንበኛ ሆንሽ?» አላት።

«በመነጽሩ እየው አባዬ። መስመሩ ክሩ ላይ መተኛት አለበት።»

ጎንበስ ብሎ አየ። ብዙ አየ። «ክሩ ነው የዘመመው። ነፋሱ ገፍቶት ነው።»

ነፋስ አልነበረም። ልጅቷ ግን አልተከራከረችም፤ ባልዲ ውሃ ሞልታ አምጥታ፣ ጫፉ ላይ ያለውን ብረት ውስጡ ነከረችው። ክሩ ፀጥ አለ። እሱም ቀና ብሎ፣ ያለ መነጽር፣ በባዶ ዓይኑ አየው።

«አሁንም ዘሟል።»

ምራቴ ከኩሽና በር ላይ፣ ፎጣ እንደያዘች ቀረች።

«እማዬ ትየው፣» አለ እየሳቀ፤ ሳቁ ግን ከጥርሱ አላለፈም። «የዓይን ሞራሽን የገፈፉልሽ አምና ነው፤ ከሁላችንም አዲስ ዓይን ያለሽ አንቺ ነሽ። ፍረጂ።»

ጎንበስ ስል ወገቤ ጮኸ። በመነጽሩ ውስጥ ክሩ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ የልጄ መስመር እላዩ ላይ ጋደል ብሎ ያቋርጠዋል። ለሕፃንም ይታያል። እንዴት ልበለው? ዘሟል ብዬ ብነግረው ደስ ይለው ነበር፤ ደስ ብሎትም መሪ ይይዝ ነበር፤ ከኋላው ደግሞ ያ ሁሉ ሰው፣ ሕፃን ያቀፈውም፣ እሱን አምኖ ይተኛል። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይባላል። ተረቱን ማወቅ ቀላል ነው፤ በገዛ ልጅ ላይ መናገሩ ነው አንጀት የሚቆርጠው።

«ቀጥ ነው ልጄ፣» አልኩት። «ክሩ ቀጥ ነው።»

ብሎን መፍቻውን ከጠረጴዛው አነሳ።

«መንገዱስ እንዴት ነው የሚታይህ?» አልኩት።

ብሎን መፍቻውን በጣቶቹ መሃል አገላበጠው። «መሃል ያለው መስመር ሁለት ይሆንብኛል፣» አለ ቀስ ብሎ። «አንገቴን ጋደል ሳደርግ ይገጥማል።»

«አንተ ሰው!» አለች ምራቴ። «ስንት ነፍስ ጭነህ!»

«ይገጥማል አልኩሽ እኮ።»

«ተይው፣» አልኳት። ክንዱን ያዝኩት። ከሥራ አስወጥተው ቢያስቀሩትስ? ዓይኑስ ካልዳነ?

ቁንጥንጥ ብሎኖቹን አላላች። መነጽሩን በክሩ ልክ አዙራ መልሳ ማጥበቅ ጀመረች፤ ጥቂት ከዚህ፣ ጥቂት ከዚያ፣ እሱ እንዳስተማራት። ልጄ ከትከሻዋ በላይ እጇን ብቻ እያየ ቆመ።

«የመጨረሻውን ቀስ፣» አላት።

«እሺ አባዬ።»

ከዚያ ወደ ቤት ገባ፤ ተከትዬው ገባሁ። ጫማውን አሰረ። የአውቶቡሱን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደ። ሚስቱ ለመንገድ የቋጠረችለት ስንቅ ከነቅያሪ ልብሱ በቦርሳ ሆኖ በር ሥር ተቀምጧል። ቁልፉን መዳፉ ውስጥ ጨብጦ ቦርሳውን ትንሽ አየው። በእግሩ ወደ ጥግ ገፋ አደረገውና፣ ሊያስረክብ ቁልፉን ብቻ ይዞ፣ በሩን ከፍቶ ወጣ።