በእህት ምላስ የተቀመመ ሰላጣ

በአንድ ትልቅ ሆቴል የቀዝቃዛ ምግብ ክፍል ውስጥ ሃያ ሁለት ዓመት የሠራች ሼፍ ነበረች። ኮሪደር ላይ ቆማ፣ ድስቱን ሳታየው፣ ምን እንደጎደለው ትናገራለች ይሏታል። ታናሽ እህቷ ልብስ ሰፊ ናት። የታላቋን ሙያ ለሰው ስታወራ ውላ ብታድር አይሰለቻትም።

ከዓመት በፊት ግን አንድ ብርቱ ጉንፋን ሼፏን አልጋ ላይ ጣላት። በሁለት ሳምንቷ ተነሣች፤ ማሽተትና መቅመስ ግን አብረዋት አልተነሡም። ሽንኩርቱም ውሃ፣ ሎሚውም ውሃ ሆነባት። ሐኪሙ "ሊመለስ ይችላል፤ ላይመለስም ይችላል" ብሎ ሸኛት። ለሆቴሉ ወገቤን አሞኛል አለችና ሥራዋን ለቃ ታናሿ ቤት ገባች። እውነቱን የሚያውቁት ሁለቱ እህትማማቾች ብቻ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ ሼፏ ምግብ የምትበላው መድኃኒት እንደሚውጥ ሰው ነው፤ ቶሎ ቶሎ፣ ዓይኗን ግድግዳው ላይ ተክላ።

በዚያ በጋ ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበት ፋብሪካ የቆርቆሮ ጣሪያው እንደ ምጣድ ጋለ። የካፌው ምግብ ሠሪ ወልዳ ፈቃድ ላይ ነበረች፤ የተተካው ሰውዬ ደግሞ በዚያ ሁሉ ሙቀት የሚፈላ ወጥ ያቀርባል። ሠላሳ አራቱም ሠራተኞች ሳህናቸውን በጣታቸው ገፋ እያደረጉ ይነሣሉ። አንድ ቀን የሸሚዝ ቁልፍ የምትተክለዋ ልጅ በባዶ ሆዷ ማሽኑ ላይ ተደፋች። ውሃ ተረጭቶባት ነቃች እንጂ ሁሉም ደንግጦ ነበር። ተተኪው ምግብ ሠሪም በነገር ተጎንጦ በማግስቱ ቀረ። የፋብሪካው ኃላፊ "ሰው የምታውቁ ንገሩኝ" ስትል፣ የልብስ ሰፊዋ አፍ ከሐሳቧ ቀደመ።

"እህቴ አለች" አለች።

ማታ ራት ላይ ነገሩን አነሣችው።

"እትዬ፣ ለነገ ብቻ። ሰው ጠፍቶብን ነው።"

"ምላስ የሌላት ምግብ ሠሪ፣ ዓይን ከሌለው ሾፌር በምን ትሻላለች?"

"ምላስ እኔ አለኝ።"

ሼፏ ፈገግ አለች። "ያንቺ ምላስ ለወሬ ነው የተፈጠረው።" ከዚያ ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አደረገችና፣ "ያን ያህል ይሞቃል?" ብላ ጠየቀች።

"ካውያው ሳይሰካ ልብስ ይተኮሳል።"

"እንዲያ ከሆነ ትኩስ ነገር አይታሰብም። የፈረንሳዮቹ የቱና ሰላጣ ነው የሚያዋጣው" አለች፤ ለእህቷ ሳይሆን ለራሷ የምታወራ ትመስል ነበር። ተነሥታ ወረቀትና እስክሪብቶ ፈለገች።

በማግስቱ ጠዋት የፋብሪካው ወጥ ቤት ውስጥ ሼፏ እጅጌዋን ሰብስባ ቆመች፤ ልብስ ሰፊዋም ከማሽኗ ተፈቅዶላት ልትረዳት አጠገቧ ነበረች። ድንቹን ከነልጣጩ በጨው ውሃ ቀቀለች። የቢላዋ ጫፍ ገብቶ ሳይዘው ሲወጣ አወረደችው፤ በትኩሱ ልጣ፣ ቆርጣ፣ ወዲያው የወይራ ዘይትና አቼቶ አፈሰሰችበት።

"አይቀዘቅዝም መጀመሪያ?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ ጣቷ ተቃጥሎ እፍ እያለችበት።

"ድንች የሚጠጣው ሲሞቅ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብታፈሺበት እላዩ ላይ ተንሸራትቶ ይቀራል።"

ፎሶሊያውን የፈላ ውሃ ውስጥ ጥቂት አቆይታ በረዶ ውሃ ውስጥ ነከረችው። አንዱን አንሥታ ጆሮዋ አጠገብ ሰበረችው። ቀጭ አለ። ራሷን ነቀነቀች። እንቁላሉን በሰዓት ለክታ ዘጠኝ ደቂቃ ቀቀለችው፤ ሲከፈል አስኳሉ መሐል ለስለስ ብሎ ብርቱካንማ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ታያታለች። ዓመት ሙሉ ሶፋ ላይ ተኮራምታ የከረመችው ሴት አሁን አንዲት እርምጃ እንኳ በከንቱ አትራመድም።

ልብስ ሰፊዋ እርዳታ መስሏት ፎሶሊያውን ድንቹ ላይ ልትገለብጠው ስትል፣ "እጅሽን ሰብስቢ!" የሚል ድምፅ አስደነገጣት።

"ይሄ የሚቀላቀል ሰላጣ አይደለም፣ የሚደረደር ነው። ሁሉም በየቦታው ይቀመጣል። ማቀላቀሉ የበላተኛው ሥራ ነው።"

ከዚያ ለሰላጣው የሚፈሰውን ዘይት፣ አቼቶ፣ ሰናፍጭና የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት አንድ ላይ መታችና ማንኪያውን ዘረጋችላት።

"ይጣፍጣል" አለች ልብስ ሰፊዋ።

"ይጣፍጣል ማለት ምንም ማለት አይደለም። የቱ ጋ ነው የሚነካሽ? የቱ ቀድሞ ይመጣል፣ የቱ ይቆያል?"

ልብስ ሰፊዋ ደጋግማ ቀመሰች። በመጨረሻ፣ "እንደ ልብስ ልንገርሽ?" አለች።

"እንደፈለግሽ።"

"ትከሻው ላይ ይይዛል። አቼቶው ማለቴ ነው። ሌላው ጥሩ ወርዷል።"

ሼፏ ዘይት ጠብ ጠብ አድርጋ እንደገና መታችው። "አሁንስ?"

"ተለቀቀ።"

ሁለቱም ሳቁ። ልብስ ሰፊዋ እህቷ ከልቧ ስትስቅ ከሰማች ዓመት አልፏት ነበር። ቀጥሎ የሆነውን ጥፋት ያመጣውም ይኸው ሳቅ ሳይሆን አይቀርም።

ሼፏ ድንቹ ላይ ጨው ነሰነሰችና አቀረበችላት፤ ስትቀምሰው ጨዉ አፏን ጨመደደው። ቀና ስትል ግን እህቷ ዓይኗን አፍጥጣ፣ ፊቷ በርቶ ትጠብቃለች። ያን ፊት ማጨለም አቃታት።

"ጨዉስ?"

"ልክ ነው።"

ሼፏ ወደ ሥራዋ ዞር ማለት ጀመረችና ቆመች። "ውሃውን ለምን አነሣሽ?"

ልብስ ሰፊዋ እጇን አየችው። ብርጭቆው እጇ ላይ ነው፤ መቼ እንዳነሣችው አታውቅም። "ሞቆኝ" አለች።

"የጠፋብኝ ምላሴ ነው፣ ዓይኔ አለ" አለች ሼፏ፤ ድምፅዋን ግን ከፍ አላደረገችም። "ስሚኝ፣ እህቴ። አትዘኝልኝ። አንቺ ስታዝኚልኝ ሠላሳ አራት ሰው ነው የሚቀጣው። ደግመሽ ከዋሸሽኝ ሽርጤን አውልቄ እሄዳለሁ።"

ልብስ ሰፊዋ ብርጭቆውን አስቀመጠችው። "ጨው በዝቷል። በጣም" አለች።

ትቆጣለች ብላ ነበር። ሼፏ ግን በጣቷ መቁጠር ጀመረች፤ "የቀቀልኩበት ውሃ አንድ። የጨመርኩበት ሁለት። ገና ደግሞ የወይራ ፍሬውና ቱናው አለ። ድሮ ቢሆን በአፍንጫዬ እደርስበት ነበር።" ትንሽ አሰበችና፣ "'ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ' የተባለው ለጨው ነው፣ እኔ ምን አገባኝና ነው የደጋገምኩለት? በይ ሌላ ድንች አጥቢ። በዚህኛው ጨው በደጁ አይለፍ" አለች።

ለምሳ አንድ ሰዓት ቀርቶት ነበር። አዲሱን ድንች ያለ ጨው ቀቅላ ግማሹን ከጨዋማው ጋር ደባለቀችው። ልብስ ሰፊዋ ቀምሳ "አሁን ልክ በልኩ ነው" ስትል፣ ሼፏ መጀመሪያ እጇን አየች፤ ብርጭቆ እንዳላነሣች አረጋግጣ አለፈች።

ሰፋፊ ትሪዎች ተዘረጉ። በፎጣ የደረቀ የሰላጣ ቅጠል ከሥር ተነጠፈ። በላዩ ድንቹ ባንድ ወገን፣ ፎሶሊያው ባንድ ወገን፣ ቲማቲሙ፣ አራት አራት የተከፈለው እንቁላል። ቱናውን ከቆርቆሮው አውጥታ፣ ዘይቱን አንጠፍጥፋ፣ ሳታደቅቀው በጣቷ ገመስ ገመስ አድርጋ መሐል ላይ አኖረችው። ጥቁር የወይራ ፍሬዎቹን በየመካከሉ ጣል ጣል አደረገች። በመጨረሻም የመታችውን ዘይት ከማንኪያ ጫፍ እንደ ክር እያቀጠነች አወረደችበት። ልብስ ሰፊዋ ዕድሜዋን ሙሉ ቀለም ከቀለም ስታጋጥም ኖራለች፤ ከዚያ ትሪ ላይ የምታነሣውም የምትጨምርበትም ነገር አልታያትም።

መጀመሪያ የገባው ባለ ካውያው ነው፤ ግዙፍ፣ ሸሚዙ ከጀርባው የተጣበቀ ሰው።

"ቀዝቃዛ ምግብ የታመመ ሰው ነው የሚበላው" አለ።

"ታዲያ በዚህ ሙቀት ጤነኛ ማን አለ?" አለችው ሼፏ፣ ሳህኑን እየሞላች።

ተቀመጠ። አንድ ድንች ጎረሰ። ከዚያ እንቁላል፣ ከዚያ ቱና ከፎሶሊያ ጋር። ሳህኑ ላይ የቀረውን ዘይት በዳቦ ጠራርጎ ጨረሰ። "እጅዎን ቁርጥማት አይንካው፣ እትዬ" አለና ሳህኑን ይዞ ተመልሶ መጣ። ቁልፍ የምትተክለዋ ልጅም ቅጠሏን ሳይቀር ጨርሳ ሄደች።

ሼፏ ራሷ የበላችው ሁሉም ከተነሣ በኋላ ነው። ልብስ ሰፊዋ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ጠበቀች።

"ጣዕም የለም" አለች ሼፏ፣ ሳትጠየቅ። "ግን ፎሶሊያው ሲሰበር ጥርሴ ያውቀዋል። ቲማቲሙ ይቀዘቅዛል፣ ድንቹ ይልማል። ዓመት ሙሉ ስበላ መብላቴን አላውቀውም ነበር።" እንዲህ ብላ ቀስ እያለች ጨረሰች፤ እንቁላልም አስደገመች።

ለአንድ ቀን የተባለው ሥራ በጋውን ሙሉ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሼፏ ምሳው ታድሎ መበላት ሲጀምር ሠራተኞቹ ፊት ቆመች።

"እኔ አልቀምስም፣ አላሸትምም" አለች። "በሽታ ወስዶብኛል። የምትበሉትን የምታጣፍጠው ይቺ እህቴ ናት። ካነሰ አነሰ፣ ከበዛ በዛ በሉኝ። ይሉኝታ ያለው ምግቤን አይብላ።"

ሁሉም ወደ ልብስ ሰፊዋ ዞሩ። ከዚያ ባለ ካውያው ሹካውን አስቀመጠና፣ "እንግዲያው የዛሬው ሰናፍጭ ትንሽ ጨምደድ ብሏል፤ ይተኮስ" አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እያንዳንዱ በሙያው ቋንቋ ይነግራት ጀመር፤ አንዷ "ቁልፉ ላልቷል" ስትል፣ ሌላው "ጠርዙ አልተዘመዘመም" ይላታል። ሼፏም እያንዳንዱን ቃል ደብተር ላይ እየጻፈች፣ ምን ማለት እንደሆነ እህቷን እየጠየቀች፣ በማግስቱ ታስተካክለዋለች።

ማሽተቷ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ሙቀቱ በርዶ ሰላጣው በሾርባ ሲተካም ግን ከምድጃው አልራቀችም። ልብስ ሰፊዋ በእረፍት ሰዓቷ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያታለች፤ ሼፏ የድስቱን ክዳን ከፍታ፣ ጆሮዋን ዘንበል አድርጋ አፈላሉን ታዳምጣለች፣ ከዚያም ማንኪያውን ወደ በሩ ትዘረጋለች።